የቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል ሱባኤ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከጠበሉ ልጀምር። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጡ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ የውርጭ አገር ዛፎች፣ አስታና ጅብራ፣ ከሚጀምሩበት ላይ አስታ አቦ የምትባል ደብር ነበረች። ከደብሯ ጀርባ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ጠበል። ውኃው ከዐለቱ ሲወርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ቢሆንም ከአምበርም ከደብረ ኤልያስም በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚመጣው ሰው ማለቂያ አልነበረውም። የዚህች ደብር ገበዝ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቁ፣ ቁልፉን የሚይዙ፣ ሰው ሲሞትም የመቃብሩን ቦታ የሚመሩ፣ የጠበሉን ሥርዓት የሚያስከብሩ እሳቸው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስቆጣባቸው ጠላታቸው እንዳልመስላችሁ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ አንድ ሻለቃ አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣና ቄሰ ገበዙን ለብቻቸው አነጋገራቸው። በቆላ ንዳድ ለደከሙ መኮንኖቹ ከገደሉ አናት ላይ ማረፊያ ቤት፣ እነሱ አልቤርጎ የሚሉትን፣ ሊሠራ አስቧል። ለዚያ ውኃ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ፈንታ የሚባል የማርቆስ ሰው ነው፤ ምላሱ ቅቤ። «ግማሹን ብቻ ነው አባ፤ ግማሹ ለእናንተ ይቀራል። ሻለቃው ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮ ይሰጣል» አላቸው። የደብሯ ክዳን ሣር ነበር። በየክረምቱ ዝናቡ መቅደሱ ድረስ እየገባ ሲንጠባጠብ ቄሰ ገበዝ ስንት ዓመት አንጀታቸው አርሯል። እሺ አሉ። ካህናቱን ሳያማክሩ፣ ለባልንጀራቸው ለቄስ ታረቀኝ እንኳ ሳይነግሩ፣ ብቻቸውን እሺ አሉ።

ቆርቆሮው መጣ፤ ደብሯ ተከደነች። ሕዝቡ «ከየት ተገኘ?» ሲል «ማርቆስ ወርጄ ለምኜ ነው» አሉት። ያን ጊዜ እውነቱን ቢናገሩ ቢበዛ አንድ ሰሞን ቢታሙ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እጃቸውን እየሳመ ሲመርቃቸው ምርቃቱ ጣፈጣቸው። ከዚያ በጥቅምት ጠበሉ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጨርሶ ቀረ። ሻለቃው የምንጩን ዐይን ከላይ ቆፍሮ በቧንቧ ጠቅልሎ ወስዶታል፤ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡ እያለቀሰ ወደ ቄሰ ገበዝ መጣ። እሳቸውም ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩት፣ ሕዝቡን አዩት፣ ከአፋቸው የመጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኃጢአታችን ነው» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስማማው የሚባል ገበሬ ከሰዉ መካከል ብድግ አለ። ከዚያ በፊት በጉባኤ ተናግሮ የማያውቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጠፋች ጊደር ፍለጋ ከገደሉ በላይ ወጥቼ ነበር። ጣሊያኑ ቧንቧ ሲቀብር በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ውኃችንን የወሰደው እሱ እንጂ ኃጢአት አይመስለኝም። እርስዎ ይምሩንና ሄደን እንጠይቀው» አለ።

ቄሰ ገበዝ ደማቸው ፈላ። ቁጣ መሰላቸው፤ ፍርሃት ነበር። «የአቦን ሥራ ለጣሊያን ትሰጣለህ?» አሉት። «ይህን ክህደት ትተህ በአደባባይ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ በአቦ ቃል ገዝቼሃለሁ። የዚህችን ደብር ቅጥር እንዳትረግጥ።»

አስማማው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ግዝት እንደ ስድብ ነፋስ የሚወስደው ነገር አይደለም። የተገዘተ ሰው አይቆርብም፣ ቅጥር አይገባም፣ ቢሞት ከወገኑ ጋር አይቀበርም፤ ደግሞ ያሰረው ቄስ ራሱ ካልፈታው ሌላው አይፈታውም። ከዚያች ቀን ወዲህ አስማማው በየሰንበቱ ከቅጥሩ ውጭ ካለችው የኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ቄሰ ገበዝም በዚያ ሲያልፉ ጥላቸውን በኮሶዋ በኩል ዘቅዘቅ ያደርጉታል፤ ፀሐይዋ ግን በወዲያኛው በኩል ነበረች።

ሕዝቡ «ሱባኤ ይያዝልን» አለ። የኅዳር ጾምም ገብቶ ነበርና ተገቢ ነው። በዚሁ መካከል ፈንታ በጓሮ በኩል ብቅ አለ። አልቤርጎው ማለቁን፣ ሻለቃው ለውለታቸው ሰባት ቀን በእንግድነት እንዲያርፉ መጋበዙን ነገራቸው። «ጉልበትዎን ያምዎት የለ?» አላቸው፤ «እዚያ በፍል ውኃ ይዘፈዘፋሉ፣ በዘይት ይታሻሉ።» እውነት ነው፣ ያማቸዋል። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ቆሞ መቀደስ ቁርጥማት ሆኖ ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል፤ ከስግደት ሲነሡ ሁለት ሰው ደግፎ ነው። እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን «መቼ ነው?» የሚል ሆነ።

ለሕዝቡ ምን አሉት መሰላችሁ? «ከላይ ካሉት ዋሻዎች ባንዱ ዘግቼ ሰባት ቀን ስለ ጠበላችን አለቅሳለሁ። ማንም እንዳይፈልገኝ።» ሕዝቡ እሱም አለቀሰ። እናታቸው እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ዐይናቸው የደከመ የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ ቆሎ በስልቻ ቋጥረው ሰጧቸውና «አብዝተህ አትራብ ልጄ» አሏቸው። ቄሰ ገበዝ ስልቻዋን ተቀበሉ። መንገድ ላይ ከብዳ ከብዳ አስቸገረቻቸው፤ አልቤርጎው በር ላይ ሲደርሱ ለዘበኛው ሰጡት።

እንግዲህ ቤቱን ልንገራችሁ። ከውጭ የጥድ እንጨትና ድንጋይ ነው። ከውስጥ ግን ሙቀቱ በር ላይ ይቀበላል። የምድጃው ጭስ በቆርቆሮ ጉሮሮ ወጥቶ ይሄዳልና ዐይን አይለበልብም። መስኮቱ መስተዋት ነው፤ ውጭ ውርጭ እየወረደ ውስጥ በነጠላ ይቀመጡበታል። በሰገነቱ ላይ ንዳድ ያገረጣቸው መኮንኖች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ወንበራቸው ላይ ጋደም ብለው ጮቄን ያያሉ። ማንም ማንንም አያጣድፍም። ለቄሰ ገበዝ የሽቦ አልጋ ያለው ክፍል ተሰጣቸው። ቢቀመጡበት ሰጥሞ መልሶ ከፍ አደረጋቸው፤ ደንግጠው ተነሡ፤ ማንም እንዳላያቸው አረጋግጠው ደግመው ተቀመጡ።

ከሁሉ የባሰው የመታጠቢያው ክፍል ነው። ሙሉ ሰው የሚያስተኛ ነጭ ገንዳ አለ። ከጀርባ በእንጨት የሚነድ ትልቅ በርሜል አለ፤ ውኃው ከዚያ ሞቆ በቧንቧ ይመጣል። ቄሰ ገበዝ ውኃውን አወቁት። ሠላሳ ዓመት ያጠመቁበትን ጠበል እንዴት ያጡታል? መስቀላቸውን አውጥተው ገንዳውን ባረኩና «ያው የአቦ ጠበል አይደል? ጠበል መጠመቅ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?» ብለው ገቡ።

መቼም እውነት እንናገር፤ ደስ አላቸው። ሙቀቱ ከጣታቸው ጀምሮ እየወጣ ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ፣ እዚያ የከረመው ሕመም እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ተሰማቸው። እንባቸው መጣ። የጽጌረዳ ሽታ ያለው ሳሙና ተሰጥቷቸው ጢማቸውን ሳይቀር አረፋ አደረጉት። ሲወጡ አንድ ወፍራም አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ በዘይት አሻቸው። ወጌሻ ያውቃሉ፤ ወጌሻ ግን እያስጮኸ ነው የሚያሸው። ይህ ሰውዬ ሲያሻቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ እስከ መሬት የሚደርስ ነጭ የፎጣ ካባ አለበሷቸው። ከመቅደሳቸው ካባ ይልቅ የለሰለሰ መሆኑን ልብ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ልብ በማለታቸው አፈሩ።

በአንድ ነገር ግን ኩሩ ነበሩ። ጾማቸውን አልፈቱም። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን ሁሉ እየመለሱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆዩ፣ በዘይት የተሠራ መኮሮኒና ዳቦ በማር ብቻ ይበሉ ነበር። ሻለቃው በአስተርጓሚው በኩል «ቄሱ ጠንካራ ሰው ናቸው» አለ። ቄሰ ገበዝም ይህን ሰምተው ልባቸው ተጽናና። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ነው፤ አውራውን በር ከፍቶ መስኮቱን ይቀረቅራል።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ገንዳ ውስጥ እንዳሉ ደወል ሰሙ። የደብራቸው ደወል ነው፤ አመታቱ የሞት ነው። ተነሥተው ተቀመጡ። ማን ይሆን? አንድ በአንድ ሽማግሌውን ሁሉ በሐሳባቸው ቆጠሩ። መውረድ ነበረባቸው፤ ገበዝ ናቸው፣ የመቃብሩን ቦታ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ቢወርዱ ግን ከየት መጡ ይባላል? ጢማቸው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። «ቄስ ታረቀኝ አለ፤ እሱ ያደርሰዋል» አሉ። ደወሉ ደግሞ ተመታ። ውኃው እየበረደ ነበርና አስካሪውን ጠርተው ሙቅ አስጨመሩ።

ሐሙስ ዕለት በሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ከገደሉ ሥር እልልታ ሰሙ። በጾም፣ በዚያ ኀዘን ላይ እልልታ ከየት መጣ? ከአጥሩ ጫፍ ሄደው ቁልቁል አዩ። የደረቀው ጠበል ቦታ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። ውኃ አለ። ከዐለቱ ሥንጥቅ ሲወርድ፣ በዚያ ብርድ ላይ፣ እንፋሎት ያነሣል። ሰዉ ልብሱን አውልቆ ከሥሩ እየገባ ነው፤ ሌላው በቅል ይቀዳል። ቄሰ ገበዝ ለአንድ አፍታ ተአምር ነው ብለው አማተቡ። ከዚያ ከገንዳው ሥር ሁልጊዜ እየተጉረጠረጠ የሚሄደው ውኃ ትዝ አላቸው።

ፈንታን ጠሩት። «ገንዳው ሲለቀቅ ውኃው የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ገደሉ ነዋ አባ። የት ይሂድ?»

«ሕዝቡ እየጠጣው ነው።»

ፈንታ ወደ አጥሩ ሄዶ አየ። ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። «ሙቅ ጠበል ፈለቀ እያሉ ይሆናላ! የጽጌረዳ ሽቱ ያለው» አለ። ከዚያ ፊታቸውን አይቶ ሳቁን አቆመ። «እኔ ምን አደርጋለሁ አባ? ቦዩን ወደ ሌላ አዙሩ ብል እንደ እብድ ነው የሚያዩኝ። ከፈለጉ እርስዎ ወርደው ይንገሯቸው።»

ወርደው ይንገሯቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ቄሰ ገበዝ ያን ቀን ገንዳ አልገቡም። ክፍላቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ከታች እልልታው ሲመጣባቸው ጆሯቸውን ያዙ። ከላይ ደግሞ መኮንኖቹ ተራ በተራ ሲታጠቡ፣ ቧንቧው ሲጉረጠረጥ ይሰሙታል። በጉርጉርታው ሁሉ አንድ የሚያውቁት ሰው ቅሉን አንሥቶ ሲጠጣ ይታያቸዋል። ነገ ጠዋት እወርዳለሁ አሉ።

አርብ ጠዋት ብርዱ በርትቶ ጉልበታቸው ተያዘ። በዚህ ጉልበት ያን ገደል መውረድ አይቻልም፤ እንዲያው ትንሽ ቢፍታታ ነው እንጂ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፤ ደግመው ገንዳ ገቡ። ሳሙናውን ግን አልነኩም። ያለ ሳሙና ከሆነ እዳው የሚቀል መሰላቸው። እኔ ይህን ሳወራ እንኳ በእሳቸው ፋንታ ፊቴን ያቃጥለኛል። ከታች ያሉት ሰዎች ያን ቀን «ዛሬ ሽታው ቀነሰ፤ ምን አጠፋን?» እያሉ ሲሰግዱ እንደ ዋሉ ኋላ ነው የተሰማው።

ሰባተኛው ቀን እሑድ ነበር። ቄሰ ገበዝ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ የኋላውን መንገድ ዞረው ወረዱ። የሚናገሩትን ሲያጠኑ መጡ። መጀመሪያ ውኃውን ከልክላለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ምክንያቱን እነግራለሁ ብለው ነበር። ግን ገና ከአስታው ሲወጡ ሰዉ አያቸው። ሮጠው መጡባቸው። እጃቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ የነጠላቸውን ጫፍ ሳሙ። «ሱባኤዎ ሰመረ አባ፤ አቦ ሰማዎ» ይላሉ። አንዲት ሴት ትከሻቸው ላይ ተደፍታ ከሳመቻቸው በኋላ ቀና አለችና ለጎረቤቷ «የጠበሉ ሽቱ ከሳቸው ላይ አለ» አለች። ሌላዋም አሸተተች። ወሬው ከጫፍ ጫፍ ደረሰ፤ ሰዉ መሬት መሳም ያዘ። ቄሰ ገበዝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። መሬት ግን ለፈለጋት ሰው ተሰንጥቃ አታውቅም።

እናታቸው ከጠበሉ ዳር በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ቀልቶ አብጧል። «መጣህ ልጄ?» አሉ የሰዉን ድምፅ ሰምተው። «ከሐሙስ ጀምሮ ዐይኔን እየታጠብሁበት ነው። ይቆጠቁጠኛል። ርኩሱ እየወጣ ነው ሲሉኝ እችለዋለሁ።» ከዚያ በቅሉ ቀድተው ዘረጉላቸው። «እንካ፣ አንተ ባርከህ ቅመስልንና ሕዝቡ ይጠጣ።»

ቅሉን ተቀበሉ። ለብ ያለ ነው። ከላዩ ላይ ነጭ ዐረፋ ዳር ዳሩን ይዟል። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። ይኸኔ ነበር መናገር። እሳቸው ግን ቅሉን እንደያዙ ቀሩ።

የሕዝቡ መካከል ተከፈለ፤ አስማማው መጣ። በትከሻውና በማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ባገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ አድርጎ ይመጣል፤ የተበደለው ይቅር ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት አይነሣም። ነጠላውን አደግድጎ፣ ራሱን ከሰሞኑ ተላጭቶ ነበር። ቄሰ ገበዝ እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባ፣ በደልሁ» አለ። «ያየሁት ዐይኔ አሳሳተኝ። ጠበሉን ጣሊያን ወሰደው ብዬ በአቦ ላይ ተናገርሁ። ይኸው አቦ በሙቅ መለሰው። ይፍቱኝ።»

እውነቱን የተናገረው ሰው፣ እውነት በመናገሩ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ሥር ተደፍቷል። ቄሰ ገበዝ ቅሉን መሬት ላይ ደፉት። ሕዝቡ አጉረመረመ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአስማማው ትከሻ አነሡ፤ ሰዉ ይቅር ያሉት መስሎት እፎይ አለ። እሳቸው ግን ድንጋዩን በራሳቸው ማጅራት ላይ አድርገው በአስማማው ፊት ተንበረከኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያለ ሰው ድጋፍ መንበርከክ ያቃታቸው ሰው ተንበረከኩ፤ ምንም አላመማቸውም። አለማመሙ አሳፈራቸው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ትሕትናቸውን እዩልኝ» ሲል ሰሙ። ያ ቃል አፋቸውን ከፈተው።

«ትሕትና አይደለም» አሉ። «ይህ ጠበል አይደለም። ከላይ ካለው አልቤርጎ የሚፈስ የገላ እጣቢ ነው። የመኮንኖቹ እጣቢ ነው። የእኔም ነው። ዋሻ አልገባሁም፤ ሰባቱንም ቀን በዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተኝቼ ነበር። የሸተታችሁ ሳሙናቸው ነው። ውኃውን ለቆርቆሮው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አስማማው ያየው እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑን እያወቅሁ ገዘትሁት።»

ማንም አልጮኸም። ቢጮኹባቸው፣ በድንጋይ ቢሏቸው ይሻላቸው ነበር። አንድ ከአምበር የመጣ ሰው በቃሬዛ ያመጣትን የሚስቱን ፊት በነጠላው ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ደጋግሞ፣ ቀስ እያለ ይጠርጋል። አንዱ ወደ ጎን ሄዶ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ሐሙስ ዕለት ሕፃኗን ያስጠመቀች ሴት ልጇን አቅፋ ቄሰ ገበዙን ታያቸዋለች።

«እንግዲያ የቆጠቆጠኝ ሳሙና ነበር?» አሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን።

«አዎ እማ።»

«እጣቢህስ ግድ የለም» አሉ አሮጊቷ። «ሕፃን ሆነህ አጥቤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ እጣቢህን ስደፋ ኖሬያለሁ፤ አልጸየፍህም። ግን ማክሰኞ የት ነበርህ? የዚህ ሰው አባት ዋኘው ማክሰኞ አረፈ። ልጁ ተፈትቶ አባቱን እንዲቀብር ብለው አራት ሰዎች ዋሻ ለዋሻ ሲፈልጉህ ዋሉ። ስምህን እየጠሩ። ቀትር ሆነ፤ ሬሳው አይቆይም፤ ታረቀኝ ቀበረው። ይህ ሰው ከኮሶዋ ሥር ቆሞ ያባቱን ፍታት ከሩቅ ሰማ። አፈር እንኳ አልመለሰም።»

ደወሉ። የበረደው ውኃ። «ሙቅ ጨምርልኝ» ያሉት። ቄሰ ገበዝ ድንጋዩ ከማጅራታቸው ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ በሁለት እጃቸው ያዙት። እንዳይወርድላቸው ፈለጉ። ቀና ብለው አስማማውን ሊያዩት ሞከሩ፤ ዐይናቸው ከተላጨው ራሱ በታች አልወርድ አለ። የኀዘን መላጨት መሆኑ አሁን ገባቸው።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። «ያሰርሁህ እኔ ነኝ፤ ያለ በደልህ ነው፤ ፈትቼሃለሁ። አንተ ደግሞ... ይቅር እንድትለኝ አፍ የለኝም።»

አስማማው ተነሥቶ ቁልቁል አያቸው። ሰዉም፣ ቄስ ታረቀኝም፣ እናታቸውም ጠበቁ። መቼም ባገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከን ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ነው። አስማማው ጎንበስ አለ፤ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንሥቶ መሬት ላይ አኖረው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቃሉን እንደ ሥርዓቱ ነው ያለው፤ ከዚያ አንድም አልጨመረበትም። እጃቸውንም ይዞ አላነሣቸውም።

«አሁን ቅጥር መግባት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ትችላለህ።»

ሄደ። ሌላ ምን ያድርጉ፣ ቄሰ ገበዝም ከኋላው ተነሥተው ተከተሉት። ሰዉ መንገድ እየለቀቀላቸው፣ ነጠላቸውን ማንም ሳይነካ አለፉ። አስማማው በቅጥሩ በር መድረኩን ተሳልሞ ገባ፤ ወደ ምሥራቅ በኩል ወዳለው መካነ መቃብር ዞረ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ገበዙ በሌሉበት ሳምንት ሕመም በርትቶ ሦስት ሰው ተቀብሯል። ሦስት አዲስ የአፈር ቁልል ጎን ለጎን አለ፤ በላያቸው የተቆለለው ድንጋይ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። አስማማው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ የመቃብሩን ቦታ ሁሉ ወደሚመሩት፣ ማን ከማን ጎን እንደ ተኛ በቃላቸው ወደሚያውቁት ወደ ገበዙ ዞረ።

«አባ፣ የአባቴ የትኛው ነው?» አላቸው።

ቄሰ ገበዝ ሦስቱን ቁልል አዩ። «አላውቅም ልጄ» አሉ።

አስማማው ከዚያ ሄዶ ቄስ ታረቀኝን ጠየቃቸው።